ደረሶችን ለዒድ ማውጣት፦ ከገራዶ ደሴ ደርሶ በሙሉ ቁጥር የመመለስ ሥርዓት

ዒድ ሲቃረብ በገራዶ መድረሳዎች በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ደረሶቹን ይዘን ደሴ ወጥተን ከሰፊው ጀመዓ ጋር እናሰግዳቸው? ወይስ ሕዝቡ ብዙ ነውና እዚሁ ሠፈራቸው ይስገዱ? መልሱ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይወድቃል። ከፍ ከፍ ያሉት ወንዶች ልጆች ተክቢራ እያሉ ይሄዳሉ፤ ሴቶች ልጆችና ትንንሾቹ ይቀራሉ። የሚቀሩት ማንም እንዲቀሩ ፈልጎ አይደለም። «ማን ይጠብቃቸዋል?» ለሚለው ጥያቄ ቀድሞ መልስ የሰጠ ሰው ስለሌለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጥያቄ ነው። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ደረሶችን ይዘን ወደ ዒድ ሜዳ ወጥተናል፤ ከሌሎች ኡስታዞች፣ ከእናቶችና ከአስተባባሪ ወጣቶችም ተምረናል። የደረስንበትን ከወዲሁ እንናገር። ልጆቹን ማስቀረት መፍትሔ አይደለም፤ መፍትሔው ማደራጀት ነው። ደኅንነታቸው የሚወሰነውም ሜዳው ላይ በሚጮህ ኡስታዝ ሳይሆን ከዒዱ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት በሚሠራ ሥራ ነው። ከቀኑ ሰዓታት ሁሉ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ከሶላቱ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው።

ልጆች ለምን ይወጣሉ?

ዒድ ሜዳ ላይ ልጅ መታየቱ ዛሬ የመጣ ልማድ አይደለም። ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው የዒድ ክፍል ውስጥ ስለ ልጆች ወደ መስገጃ ሜዳ መውጣት ራሱን የቻለ ርዕስ ከፍተዋል። ከሥሩ ያሰፈሩት የዐብዱላህ ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ኢብን ዐባስ ገና ልጅ ሳሉ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ለዒድ ወጥተዋል። ሶላቱ መቅደሙን፣ ኹጥባው መከተሉን፣ ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሴቶቹ ሄደው እንደመከሯቸውና ሰደቃ እንዲሰጡ እንዳዘዟቸው ነግረውናል። አድገው ለኡመቱ ያስተላለፉት ይህ ዕውቀት ያኔ በልጅ ዓይን የታየ ነው። ያን ቀን ልጅ ነው ተብለው ቤት ቢቀሩ ኖሮ ይህን ከእሳቸው ባልሰማን ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ሐዲስ ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃገረዶች፣ ከቤት የማይወጡት ሴቶች፣ በወር አበባ ላይ ያሉትም ሳይቀሩ ለሁለቱ ዒዶች እንዲወጡ አዘዋል። በወር አበባ ላይ ያሉት ከመስገጃው ራቅ ብለው መልካሙንና የሙስሊሞችን ዱዓ ይካፈላሉ። በዚህ ሐዲስ ውስጥ ለርዕሳችን ትልቅ ትምህርት አለ። «ከመካከላችን ጅልባብ የሌላት ብትኖርስ?» ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ «እንግዲያው ትቅር» የሚል አልነበረም፤ ጓደኛዋ ታልብሳት የሚል ነበር። እንቅፋቱ ሲጠቀስ መፍትሔ ተበጀለት እንጂ ልጅቱ አልተከለከለችም። ዛሬ ለገራዶ ሴት ደረሶች «ሴት አጃቢ የለም» የሚለው እንቅፋትም መመለስ ያለበት በዚሁ መንገድ ነው፤ አጃቢ ይፈለግላቸው።

በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ማየት ፈለጉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እየከለሏቸው፣ ዓኢሻ ራሳቸው እስኪሰለቹ ድረስ ቆመውላቸዋል። ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። ልጅን ማጀብ ልጁ ደስታውን እንዲያገኝ በትዕግሥት መቆምም ነው፤ ልጁን ብቻ መከልከል አጃቢነት አይባልም።

የሕዝብ ብዛት መቼ አደጋ ይሆናል?

ብዙ ሰው በራሱ አደጋ አይደለም። አደጋው የሚመጣው ሰው ከመጠን በላይ ሲጠጋጋና መንገዱ ሲጠብ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲቆም እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። አራት ሲሆን እርምጃ ይዘገያል። አምስትና ስድስት ሲደርስ ግን ሰው የራሱን እግር ማዘዝ ያቅተዋል፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ እየገፋ ይወስደዋል። በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ብዙዎች የሚሞቱት ተረግጠው ሳይሆን ደረታቸው ተጨንቆ መተንፈስ አቅቷቸው ነው፤ አንዳንዶቹም ቆመው እንዳሉ። ልጅ ደግሞ ፊቱ በአዋቂ ወገብና ጀርባ ትይዩ ስለሚሆን ጭንቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ሙስሊሙ ዓለም ይህን በከባድ ዋጋ ተምሮታል። ሰኔ 25 ቀን 1982 በሚና በአንድ የእግረኛ መሿለኪያ ውስጥ 1426 ሐጃጆች ሞተዋል። ጥር 4 ቀን 1998 በጀመራት ድልድይ ላይ ከ340 በላይ ሰዎች አልፈዋል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ መግቢያና መውጫው የተለያየ ባለ ብዙ ፎቅ ድልድይ ተሠራ። መስከረም 13 ቀን 2008፣ በዒደል አድሓ ዕለት፣ ሌላ አደጋ በሚና ደረሰ። ቦታው 204 እና 223 የተባሉት ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት መስቀለኛ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ይፋ ያደረገው የሟቾች ቁጥር 769 ሲሆን፣ አሶሼትድ ፕሬስ ሐጃጆቹ የመጡባቸው አገሮች ያወጡትን ደምሮ ከ2400 በላይ አድርሶታል። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

በሃይማኖት ስብሰባ ብቻ የሚደርስ ነገርም አይደለም። ጥቅምት 19 ቀን 2015 በደቡብ ኮሪያ ሴኡል ከተማ ለበዓል የወጡ ወጣቶች 3 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቁልቁለት መተላለፊያ ውስጥ ተጨናንቀው 159 ሰዎች ሞተዋል። ጠባብ መንገድ ቁልቁለት ሲጨመርበት ከላይ ያለው የሚገፋው ከታች ባለው ላይ ይጫናል። በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል በተቀመጠችው በደሴ ደግሞ ቁልቁለት የሌለው መንገድ ማግኘት ይቸግራል።

በአገራችንም ሚያዝያ 24 ቀን 2014 በአዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ለዒደል ፊጥር በወጣው ሕዝብ መካከል ሁከት ተፈጥሮ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሰዉ በሩጫ ተበትኗል። ይህን የምናስታውሰው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ሰላም የነበረ ሜዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ «ሕዝቡ ቢሮጥ ልጆቹን ይዤ በየት በኩል እወጣለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ሱናው ቀድሞ ያስተማረን

ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ደካሞች የሚደረገው ጥንቃቄ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ብቻ አይምሰለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዐረፋ ሲመለሱ ከኋላቸው ግመሎች እየተመቱ ሲጣደፉ ሰምተው በአለንጋቸው ምልክት በመስጠት ሰዎች እንዲረጋጉ አዘዋል፤ መልካም ሥራ በመጣደፍ እንዳልሆነም ነግረዋቸዋል።

ከሙዝደሊፋ ደግሞ ሴቶችንና ደካሞችን ሕዝቡ ሳይንቀሳቀስ ገና በሌሊት አስቀድመው ሸኝተዋል። ከተሸኙት ልጆች አንዱ እነዚያው ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ነበሩ። ሰውነታቸው ከባድና እርምጃቸው ዘገምተኛ የነበሩት እናታችን ሰውዳም (ረ.ዐ) የሰው ግፊያ ሳይደርስባቸው ቀድመው ለመሄድ ፈቃድ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ዓኢሻም (ረ.ዐ) በኋላ እሳቸው ጭምር ይህን ፈቃድ ጠይቀው ቢሆን ተመኝተዋል።

በጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስ መሠረት ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ ይመለሱ ነበር። ዑለሞች ለዚህ ብዙ ጥበብ ጠቅሰዋል። ከእነዚህም መካከል ግፊያን ማስቀረት ይገኝበታል።

ከእነዚህ ሦስት ሐዲሶች ለአጃቢ ሦስት ደንብ ይወጣል፦ አለመጣደፍ፣ ደካማን ከሕዝቡ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማንቀሳቀስ፣ በሌላ መንገድ መመለስ። ቀጥሎ የምንዘረዝረው ሁሉ የእነዚህ ማብራሪያ ነው።

ከዒዱ በፊት የሚሠራው

አንደኛ፣ ስም ዝርዝር። የሚሄደው ልጅ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት እሱም ይጻፍ። ዝርዝሩ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይቀመጥ፤ እያንዳንዱ አጃቢ የራሱን ልጆች ዝርዝር ይያዝ። በዋዜማው ሌሊት «የጎረቤት ልጅም ይሂድ» ተብሎ የሚጨመር ልጅ ይኖራል። ይምጣ፤ ግን ስሙ ሳይጻፍ አይሂድ። የሚጠፋ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ውስጥ ያልነበረው ነው፤ ማንም አይቆጥረውምና።

ሁለተኛ፣ ቡድንና አሚር። ሦስት ሰዎች እንኳን ሲጓዙ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ታዘናል። ሃምሳ ልጅ በአንድ ኡስታዝ እጅ ማለት ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ከ7 ዓመት በታች ላሉት ለአራት ወይም ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ7 እስከ 10 ላሉት ለስምንት ልጅ አንድ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ለአሥር ልጅ አንድ አዋቂ ቢመደብ ይበጃል። እኛ ስንሠራበት የቆየነው ሥርዓት እንዲህ ያለ ነው። ከቡድኑ ፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን ይኑር። ደጀኑ ማንንም ልጅ ወደ ኋላው አያስቀር። ልጆቹ ሁለት ሁለት ይጣመሩ፤ እያንዳንዱ ስለ ጥንዱ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ሴት አጃቢዎች። ወንድ ኡስታዝ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ገብቶ ልጅ መፈለግ አይችልም። ስለዚህ ሴት ደረሶች ከራሳቸው ኡስታዛዎች፣ ከእናቶችና ከታላላቅ እህቶች አጃቢ ያስፈልጋቸዋል። የወር አበባ ላይ ያሉ እናቶችና ልጃገረዶች እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከመስገጃው ፈንጠር ብለው ሲቀመጡ ሌሎቹ ሱጁድ ላይ ሳሉ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ሊሆን ይችላል። አምስትና ስድስት ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች ከእናት ጋር ይሰግዱ ወይስ ከአባት የሚለውም ቤት ሳሉ ይወሰን። ሜዳ ላይ ሲወሰን ልጁ በሁለቱ መካከል ይቀራል።

አራተኛ፣ መለያ። በዒድ ቀን ሁሉም ልጅ ነጭ ጀለቢያና ኮፍያ ነው የሚለብሰው። «ነጭ የለበሰ ልጅ አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም። በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ከሩቅ ይለያቸዋል። በኪሳቸው ደግሞ የመድረሳው ስምና ሁለት ስልክ ቁጥሮች ያሉበት ወረቀት ይግባ። የልጁን ስም ግን በደረቱ ላይ በትልቁ አንጻፍ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ልጅ ያምናል።

አምስተኛ፣ ልጁን ማስተማር። ትንንሾቹ የእናታቸውን ስም ሲጠየቁ «እማ» ይላሉ፤ የአባታቸውን ሲጠየቁ «አባ»። የወላጅን ሙሉ ስም፣ የመድረሳውን ስም፣ የሠፈራቸውን ስም በቃላቸው ይያዙ። ሱረቱል ፋቲሓን የሸመደደ ልጅ አሥር አኃዝ የስልክ ቁጥር መሸምደድ አያቅተውም።

ስድስተኛ፣ መንገዱን ቀድሞ ማየት። ሁለት ኃላፊዎች ከዒዱ በፊት ሄደው መግቢያውን፣ መውጫውን፣ መጸዳጃውንና የመገናኛ ቦታውን ይዩ። የመገናኛ ቦታው ከሕዝቡ መውጫ ፊት ለፊት አይሁን። ፈንጠር ያለ፣ ልጅ በቀላሉ የሚያውቀው ይሁን፤ የአንድ ወዳጅ ሱቅ በረንዳ ወይም የግቢ በር ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ይህ አይቸግርም። የሱቁ ባለቤት ክርስቲያን ጎረቤት ቢሆንም «ልጆቻችን እዚህ ይሰባሰባሉ» ሲባል ወንበር ያወጣል እንጂ ፊቱን አያዞርም።

መኪናና ዳገት

ከገራዶ ወደ ደሴ መውጫው ዳገት፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ትንንሾቹን በእግር ማስኬድ ገና ሳይሰግዱ ማድከም ነው። በዒድ ጠዋት ደግሞ ሚኒባስም ባጃጅም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ መኪና ከዋዜማው በፊት ይያዝ፤ ከሹፌሩ ጋር የመመለሻው ሰዓትና ቦታ ጭምር ይቆረጥ። ሕዝቡ ወደሚበዛበት አስፋልት ድረስ ገብቶ እንዲያወርድ አይጠየቅ። ራቅ ብሎ አውርዶ የቀረውን በእግር መሄድ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ልጆችን በአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ አቁሞ፣ ተክቢራ እያሰሙ መውሰድ ሊቀር ይገባል። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን በዚያ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ላይ አንድ ፍሬን መያዝ ልጆቹን ከስፖንዳው አሻግሮ ይጥላል። ወላጅ በአማና የሰጠንን ልጅ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ አንጭንም።

ለኮምቦልቻ መድረሳዎች ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት በመሆኗ ውኃና ጥላ ይቀድማሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና አስፋልትም በከተማዋ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል። እዚያ ዋናው ጉዳይ መሻገሪያው ነው። ልጆቹ ተንጠባጥበው ሳይሆን ቡድን በቡድን፣ አንድ አዋቂ መኪና አስቁሞ ይሻገሩ። ደሴና ገራዶ ላይ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ አለ። ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ አምና የሠራ ልብስ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። በበልግ ወቅት ሲውል ዝናብም ይጠበቃል። ከጀለቢያው ሥር ሹራብ ይደረብ።

የዒድ ጠዋት

በዒደል ፊጥር ከመውጣት በፊት ተምር መቅመስ ሱና ነው። በዒደል አድሓ ደግሞ አዋቂ ከሶላት በኋላ ቢበላ ይወደዳል። ልጆችን ግን በሁለቱም ዒድ አብልተን እናውጣ፤ የተራበ ልጅ ሜዳ ላይ የሚያየው ሻጩን ብቻ ነው። ትጥበትም ዉዱእም ከቤት ይደረግ፤ መጸዳጃም ከመነሳት በፊት። ስለት ያለው ነገር፣ ዱላና ርችት ከኪስና ከቦርሳ ይውጣ፤ በመግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ አንድ ልጅ ሲያዝ ቡድኑ ሁሉ በጠባብ በር ላይ ይቆማል። ከተክቢራና ከመድረሳው ስም በቀር ምንም ዓይነት መፈክር ወይም ባንዲራ በልጆች እጅ አይሰጥ።

ከመነሳት በፊት ይቆጠሩ። ከመኪና ሲወርዱ ይቆጠሩ። ሜዳ ሲገቡ ይቆጠሩ። ቁጥሩን አሚሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገረው፤ ሌላው አጃቢ ይድገመው።

በጉዞው ላይ ተክቢራ የልጆቹ ደስታ ብቻ ሳይሆን መያዣቸውም ነው። እኛ የተጠቀምንበት ቀላል ዘዴ ይህ ነው፦ መሪው ተክቢራ እያለ ቡድኑ ይሄዳል፤ መሪው ዝም ሲል ሁሉም ባለበት ይቆማል። አንድ ቀን መድረሳው ግቢ ውስጥ ብናለማምዳቸው ይበቃል። እርምጃው በትንሹ ልጅ አቅም ይሁን። ፊት ያሉት ረዣዥሞቹ ከሆኑ ኋላ ያሉት ትንንሾች ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ትንንሾቹ ከመሪው ቀጥሎ ይሁኑ።

ሜዳው ላይ

ቀድሞ መድረስ መልካም ነው፤ ከመሐል መቀመጥ ግን ለልጅ መልካም አይደለም። ከዳር፣ ወደ መውጫው በሚያመች በኩል፣ ከአጥርና ከግንብ ግን ራቅ ብለን እናስቀምጣቸው። ሰው ሲገፋፋ አጥር የሚያጣብቅ ወጥመድ ነው።

ልጆቹን ሁሉ ብቻቸውን ከኋላ መደርደር ለጨዋታና ለመበታተን በር ይከፍታል። በየረድፋቸው ግራና ቀኝ አንድ አንድ አዋቂ ይቁም። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ ሌሊት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግራ ቆመው ሲሰግዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘው ወደ ቀኛቸው አዙረዋቸዋል። ልጅን አጠገብ አቁሞ ማሰገድ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ጫማ እንናገር፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ቡድን የሚበተነው በጫማ ምክንያት ነው። ሶላቱ ሲያልቅ ጫማው የጠፋበት ልጅ ከሕዝቡ ተቃራኒ እየሄደ ይፈልጋል፤ ጓደኛው ይከተለዋል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ልጅ ይጎድላል። እያንዳንዱ ልጅ ጫማውን በፌስታል አድርጎ ከፊቱ ያስቀምጥ። ጫማ ቢጠፋ ግን ይጥፋ፤ አጃቢው «ጫማ ይገዛል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራቸው። ፊኛና አሻንጉሊት ሻጭም እንዲሁ ነው። ፊኛው የሚገዛው ከሜዳው ከወጣን በኋላ፣ በመገናኛው ቦታ እንደሆነ ቃል ይገባላቸው፤ ቃሉም ይፈጸም።

ከሰላምታው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

የዒድ ሶላት ከጁሙዓ የሚለየው ኹጥባው ከሶላቱ በኋላ በመሆኑ ነው። ኢማሙ አሰላምተው ሲጨርሱ ኹጥባውን ሳይጠብቅ የሚነሳ አለ፤ ኹጥባው ሲያልቅ ደግሞ የቀረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በመግቢያው ሰዓት ሕዝቡ ጥቂት በጥቂት ስለሚመጣ አይጨናነቅም። በመውጫው ግን በሰዓታት የገባው ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ልውጣ ይላል። ሰዉ ይተቃቀፋል፣ «ዒድ ሙባረክ» ይባባላል፣ ዘመድ ይፈልጋል፤ የቆመውና የሚሄደው ይጋጫል።

አጃቢ ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ኹጥባው ይደመጥ፤ ሲያልቅም ልጆቹ አይነሱ። ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ይያያዙ፤ አሚሩ ይቁጠር፤ ሜዳው ሲሳሳ ይነሱ። ይህ ለአብዛኛው መድረሳ የሚሻለው ነው። ያቺ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ባዶ እንዳትሆን ተምርና ብስኩት ይከፈልባት፤ ነሺዳ ይባልባት፤ የኹጥባው መልእክት ምን እንደነበር ይጠየቅባት። ልጆች በኋላ የሚያስታውሱት ይህችኑ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሌላው ሳይነሳ ቀድሞ መውጣት ነው። በዒድ ኹጥባን ተቀምጦ ማዳመጥ በዑለሞች ዘንድ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም። የታመመ፣ በጣም የደከመ ወይም እጅግ ትንሽ ልጅ የያዘ አጃቢ እንደ ሰውዳ (ረ.ዐ) ቀድሞ ቢንቀሳቀስ አይወቀስም። የማይሆነው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅ ይዞ ከሕዝቡ ጋር በአንድ ጊዜ ወደ በሩ መግፋት።

መመለሻው በሌላ መንገድ ይሁን፤ ሱናም ነው፣ ጥበብም ነው። ትንሽ ቢረዝምም ሰፊውንና ቁልቁለቱ የቀለለውን እንምረጥ። በቁልቁለት ላይ ልጆች መሮጥ ስለሚወዱ መሪው ከፊት ሆኖ እርምጃውን ይያዝ።

ልጅ ቢጠፋ፣ ሕዝቡ ቢጨናነቅ

ልጅ መጥፋቱ ሲታወቅ አጃቢዎች ሁሉ ለፍለጋ መበተን የለባቸውም፤ አንዱን ስንፈልግ አሥሩን እናጣለን። አንድ ሰው ብቻ መጨረሻ ወደታየበት ቦታ ይሂድ። ሁለተኛው ለአስተባባሪዎች ነግሮ በድምፅ ማጉያ ያስጠራ። የቀሩት ከልጆቹ ጋር ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ። ብዙ ሕዝብ ባለበት ስልክ አልሠራ ሊል ስለሚችል በስልክ ብቻ አንተማመን፤ የመገናኛው ቦታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ልጁም ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ይወቅ፦ አትሩጥ፣ ባለህበት ዳር ይዘህ ቁም፣ መለያ የለበሰ አስተባባሪ ወይም ልጆች የያዘች እናት ጠይቅ፣ «ቤትህ ላድርስህ» ከሚልህ ሰው ጋር ግን ከሜዳው አትውጣ።

ሕዝቡ መጨናነቅ ከጀመረ ተቃራኒ አቅጣጫ አይገፋ። ክንድን አጥፎ በደረት ፊት መያዝ ለትንፋሽ ቦታ ይተዋል። ግፊያው ለአፍታ ላላ ባለ ቁጥር ወደ ጎን፣ ሰያፍ እየተራመዱ ወደ ዳር መውጣት ነው። የወደቀ ነገር ለማንሳት አይጎነበስ። ትንሹ ልጅ ከፍ ተደርጎ ይታቀፍ። የወደቀ ሰው መነሳት ካቃተው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ራሱን በክንዱ ይሸፍን። ይህን በመድረሳ አንድ ከሰዓት በጨዋታ መልክ ብናስተምረው ልጆቹ ሳይፈሩ ይይዙታል።

አማና

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የመድረሳ ኡስታዝ ብዙ ጊዜ ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ብቻውን ተሸከም ማለት ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው ለወላጆችም ነው። አባት ልጁን በር ላይ አስረክቦ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሜዳው ከሚሄድ፣ «እኔም አንድ ቡድን ልያዝ» ቢል አንድ አሚር ተገኘ ማለት ነው። እናት «ልጄን ብቻ» ሳትል ሌሎች አራት ሴት ልጆችን ብትጨምር አምስት ደረሶች ከቤት አልቀሩም ማለት ነው። መኪና ያለው መኪናውን፣ ነጋዴው ብስኩቱንና ውኃውን ያቅርብ። የመስጂድ ኮሚቴውም ከዒዱ አንድ ሳምንት በፊት ወላጆችን ሰብስቦ ዝርዝሩን ያጠናቅቅ።

ልጅ የዒድን ትርጉም የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ተክቢራ ሲል በጆሮው ሲሰማ፣ የማያውቀው ሽማግሌ ራሱን ዳብሶ ዱዓ ሲያደርግለት፣ ድኃውም ሀብታሙም በአንድ ረድፍ ግንባሩን መሬት ላይ ሲያኖር በዓይኑ ሲያይ ነው። ይህን ከገራዶ ሴት ልጅ፣ ከገራዶ ትንሽ ልጅ የምንነፍግበት ምክንያት የለም። የሚጎድለው አንድ ዝርዝር፣ ጥቂት አሚሮችና በሶላት ማግሥት ለመቀመጥ የሚበቃ ትዕግሥት ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ወጥተው በሰላም የሚመለሱ፣ ዒዱን በኢማንና በደስታ የሚያሳልፉ ያድርግልን። ተቀበለሏሁ ሚንና ወሚንኩም።